ሰዓቱ በስፓኒሽ፣ ሕጉ በእንግሊዝኛ፣ እንባው በታጋሎግ

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ሠርታ ስትመለስ ብዙ ወሬ ይዛ መጣች። ከሁሉም አልረሳ ያለኝ ስለ አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባዋ ያወራችኝ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት፣ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። ልጅቷ ከማዳሟ ጋር በእንግሊዝኛ ታወራለች። ማታ ወደ ቤቷ ስትደውል በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በታጋሎግ ትስቃለች፣ በታጋሎግ ታለቅሳለች። ሰዓት ስትጠየቅ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ይመጣል። "አላስ ዶስ" ትላለች። በእኛ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ሰኞ "ሉኔስ"፣ ማክሰኞ "ማርቴስ"፣ ሃያ "ቤንቴ"። የቤተሰቧ ስም የስፔን ኳስ ተጫዋች ስም ይመስላል። "ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች የማን ናቸው?" አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

ፊሊፒናውያን ራሳቸውም ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቁት ኖረዋል። በሽሙጥ የሚናገሩት አባባል አላቸው፤ "ሦስት መቶ ዓመት በገዳም፣ ሃምሳ ዓመት በሆሊውድ ኖርን" ይላሉ። ገዳሙ ስፔን ነው፤ ሆሊውዱ አሜሪካ። አባባሉ ያስቃል። ግን ከገዳሙም ከሆሊውዱም የቀረ፣ በዓይን የማይታይ ሌላ ውርስ አለ። የትኛው ቋንቋ ለቁም ነገር፣ የትኛው ለሳቅና ለእንባ፣ የትኛው ለዝምታ እንደሚሆን ተደልድሎ ቀርቷል። ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ የተሠሩት በዚህ ድልድል ላይ ነው። ዛሬ አገሪቱን የሚያምሳት የሐሰት ወሬም የገባው በዚያው ስንጥቅ ይመስለኛል።

ከስም እንጀምር። በ1543 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አንድ ስፔናዊ መርከበኛ ለጥቂት ደሴቶች ያኔ ገና ልዑል የነበረውን የፊሊፕን ስም ሰጠ። ልዑሉ ኋላ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ሆነ፤ ስሙም እየሰፋ ሄዶ ከ7,000 በላይ ደሴቶችን ሸፈነ። "ፊሊፒኖ" የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ ለአገሬው ሰው አልነበረም። እዚያ የተወለደ ስፔናዊ ነበር የሚጠራበት። አገሬው "ኢንዲዮ" ነው የሚባለው። የተማሩ ወጣቶች "ፊሊፒኖስ እኛ ነን" ብለው ቃሉን የወሰዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው።

የቤተሰብ ስሙ ደግሞ የቢሮክራሲ ሥራ ነው። በ1849 ገዥው ናርሲሶ ክላቬሪያ አንድ አዋጅ አወጣ። ግብር ለመሰብሰብና ሕዝብ ለመቁጠር እንዲያመች እያንዳንዱ ቤተሰብ ቋሚ ስም ይያዝ ተባለ። በፊደል ተራ የተደረደረ ወፍራም መዝገብ ተዘጋጅቶ ገጽ በገጽ ለየአውራጃው ታደለ። ስለዚህ ዛሬም አንዳንድ ከተማ ስትሄድ የብዙው ሰው ስም በአንድ ፊደል ይጀምራል። የአባቱን ስም ይዞ ለሚሄድ እንደ እኛ ላለ ሰው ነገሩ ይከብዳል። አንድ ጸሐፊ መዝገብ ገልጦ "ከዛሬ ጀምሮ ራሞስ ነህ" ሲልህ አስበው። ብዙ ሰው የስፔን ስም ሲሰማ የስፔን ደም ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን የግብር መዝገብ ነው።

እንዲህ ስም ያደለው መንግሥት ቋንቋውን ግን ሰሰተ። ገዳማውያኑ ካህናት የአገሬውን ቋንቋ ራሳቸው ተማሩና በዚያው ሰበኩ። ሕዝቡ ስፓኒሽ ቢያውቅ የማድሪድን ሕግ ያነባል፤ ካነበበ ይጠይቃል። ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶም ስፓኒሽ አቀላጥፎ የሚናገረው ጥቂት የተማረና ባለጸጋ ነበር። ቃላቱ ወደ ሕዝቡ ወረዱ፤ ሰዓት፣ ቀን፣ ገንዘብ፣ ማንኪያ። ክርክሩና ሕጉ ግን ላይ ቀረ።

የነፃነት ፀሐፊዎቹም ከዚህ ወጥመድ አላመለጡም። "ላ ሶሊዳሪዳድ" የተባለው ዝነኛ የለውጥ አራማጆች ጋዜጣ በ1889 የተመሠረተው ባርሴሎና ነው፤ ቋንቋውም ስፓኒሽ። ብሔራዊ ጀግናው ሆሴ ሪዛል ሁለቱን ልብ ወለዶቹን የጻፈው በስፓኒሽ ሲሆን የታተሙትም አውሮፓ ውስጥ ነው። ታኅሣሥ 30፣ 1896 ማኒላ ላይ በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 35 ነበር። ከ1956 ጀምሮ እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ ለተማሪ ሁሉ በሕግ ግዴታ ነው። ተማሪው የሚያነባቸው ግን በትርጉም ነው። የአገር አባት የሚባለው ሰው ለልጆቹ የሚናገረው በአስተርጓሚ መሆኑ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚያው ዓመት፣ በ1896፣ ካቲፑናን የተባለው ኅቡዕ ማኅበር "ካላያአን" የሚል ጋዜጣ በታጋሎግ አወጣ። ትርጉሙ "ነፃነት" ነው። ለአንባቢ የደረሰው አንድ እትም ብቻ ነበር። ከዚያች አንዲት እትም በኋላ የማኅበሩ አባላት ቁጥር እንዳሻቀበ ይነገራል። ለሕዝቡ በቋንቋው የነገረው ሰው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያኔውኑ ታይቷል። ትምህርቱን የወሰደው ማን እንደሆነ ወደ በኋላ እናየዋለን።

በሰኔ 12፣ 1898 ኤሚሊዮ አጊናልዶ ነፃነት አወጀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ስፔን አገሪቱን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስተላለፈች። ሻጭና ገዢ ፓሪስ ላይ ተፈራረሙ፤ የተሸጠው ሕዝብ አልተጠራም። ቀጥሎ የመጣውን ጦርነት አሜሪካ በ1902 አበቃ አለች። ግን ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ነሐሴ 1901፣ "ቶማስ" የተባለች የሠራዊት ማመላለሻ መርከብ ማኒላ ደረሰች። የጫነችው 500 ገደማ አሜሪካውያን አስተማሪዎችን ነው። በመርከቧ ስም "ቶማሳይት" ተባሉ። ስፔን የሰሰተችውን አሜሪካ በነፃ አደለች። ትምህርት ቤት ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ፊሊፒናዊ ይህን በበጎ ያነሳዋል። ማንበብ ተስፋፋ፤ እንግሊዝኛውም ዛሬ እንጀራ ሆኗል። የጥሪ ማዕከሎቹ ከሚሊዮን በላይ ሰው ቀጥረዋል። የአክስቴ ልጅና ባልደረባዋ አንድ ወለል እየወለወሉ ደሞዛቸው አይገናኝም ነበር። የፊሊፒንስ መንግሥት ያኔ ውጭ አገር ለምትሠራ የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደሞዝ 400 ዶላር ብሎ ቆርጦ ነበር፤ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እንግሊዝኛው ሌላው ነው። የእኛዋ ዓረብኛዋን ያቀላጠፈችው በስድብ ውስጥ ነው።

ነገር ግን እንግሊዝኛው የመጣው ብቻውን አልነበረም። "ማኒላ ታይምስ" በ1898፣ የዛሬው "ማኒላ ቡለቲን" በ1900 ሲመሠረቱ አንባቢያቸው በመጀመሪያ እዚያ የሰፈረው አሜሪካዊ ነበር። በ1907 የፊሊፒንስን ባንዲራ ማውለብለብ በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላው እስከ 1919 ቆየ። በ1908 "ኤል ሬናሲሚየንቶ" የተባለ ጋዜጣ "ነጣቂ ወፎች" የሚል ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ። ስም አልጠራም። አሜሪካዊው የአገር ውስጥ ጉዳይ ኃላፊ ዲን ዉስተር ግን "እኔን ነው" ብሎ በስም ማጥፋት ከሰሰ። ፈረዱለት፤ ጋዜጣውም ተዘጋ። አዲሱ ጌታ መጻፍን በሚያስተምርበት እጁ የሚጻፈውንም ይቆርጥ ነበር።

ብሔራዊ መዝሙራቸው የዚህ ሁሉ ማኅደር ነው። ዜማው በ1898 ያለ ግጥም ተሠራ። በዓመቱ የስፓኒሽ ግጥም ገባለት። በአሜሪካ ዘመን እንግሊዝኛ ሆነ። ዛሬ በታጋሎግ ይዘመራል፤ በሌላ ቋንቋ መዘመርም በሕግ አይፈቀድም። አንድ ዜማ፣ ሦስት ልሳን። በቤቱ ሴቡአኖ ወይም ኢሎካኖ ለሚናገረው ልጅ ደግሞ ሦስቱም የሰው ቋንቋ ናቸው።

አገሪቱ ውስጥ ከ170 በላይ ቋንቋዎች አሉ። በ1937 ፕሬዚዳንት ማኑኤል ኬዞን የብሔራዊ ቋንቋው መሠረት ታጋሎግ ይሁን ብለው ወሰኑ። ታጋሎግ የማኒላና የአካባቢዋ ቋንቋ ነው። የኬዞንም የአፍ መፍቻ ነበር። ኋላ ስሙ "ፒሊፒኖ" ተባለ፤ ከዚያ "ፊሊፒኖ"። ይህች የ"ፒ" እና የ"ፊ" ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። የጥንቱ ታጋሎግ የ"ፈ" ድምፅ የለውም። የእኛ ሽማግሌዎች "ፖሊስ"ን "ቦሊስ" እንደሚሉት እነሱም ፈን ወደ ፐ ይወስዱታል። በ2013 የቋንቋ ኮሚሽኑ የአገሪቱ ስም ከ"ፒሊፒናስ" ወደ "ፊሊፒናስ" ይመለስ ብሎ ጭቅጭቅ አስነሳ። በ2021 ውሳኔውን ሻረ። በአንዲት ፊደል ስምንት ዓመት።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተገነቡት በዚህ መሬት ላይ ነው። ኤቢኤስ ሲቢኤን የተባለው ግዙፍ ጣቢያ ሥሩ በ1946 አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ያቋቋመው ድርጅት ነው። ተፎካካሪው ጂኤምኤ የበቀለው በ1950 አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከጀመረው ሬዲዮ ነው። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሥርጭት ጥቅምት 1953 አየር ላይ ዋለ። ባለቤቱ የፕሬዚዳንት ኤልፒዲዮ ኪሪኖ ወንድም ሲሆን ሐሳቡም ወንድሙን በምርጫ መርዳት ነበር። ኪሪኖ ተሸነፉ፤ ቴሌቪዥኑ ቀረ።

አሁን አንድ የማኒላ ጋዜጣ አዟሪ ፊት ቁሙ። ትልልቆቹ፣ የተከበሩት ጋዜጦች በእንግሊዝኛ ናቸው። ርካሾቹ፣ ወንጀልና የአርቲስት ሐሜት የሞላባቸው ትንንሾቹ በታጋሎግ። ሕጉ በእንግሊዝኛ ይወጣል። ፍርዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ድራማው፣ ቀልዱ፣ የስጦታ ውድድሩ በታጋሎግ ነው። ሰው በታጋሎግ ይስቃል፤ በእንግሊዝኛ ይፈረድበታል። የማታው የቴሌቪዥን ዜና እንኳ ወደ ሕዝቡ ቋንቋ በደንብ የወረደው አምባገነኑ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ከተባረሩ በኋላ ነው። በ1987 "ቲቪ ፓትሮል" የተባለው ዜና በታጋሎግ፣ በተራ ሰው አነጋገር ሲመጣ ተመልካቹን ጠራርጎ ወሰደ። የተማረው ክፍል "ጩኸት አበዛ" ብሎ ተቆጣ። ሕዝቡ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዜናው ለእሱ የተነገረ መሰለው።

ቋንቋው ወረደ፤ ፊቱ ግን እዚያው ላይ ቀረ። በቴሌቪዥን ድራማ ዋናዋ ሴት ብዙ ጊዜ "ሜስቲሳ" ናት፤ ድብልቅ፣ ነጣ ያለች። ጠየም ያለችው ሠራተኛዋ ወይም አሳቂዋ ትሆናለች። በማስታወቂያው መሀል ደግሞ የማንጫ ሳሙና ይገባል። ይህን የሰበረችው ኖራ ኦኖር ነበረች። ባቡር ጣቢያ ውኃ ስትሸጥ ያደገች፣ አጭርና ጠይም ልጅ። በዘፈን ውድድር አሸንፋ የአገሪቱ ትልቋ ኮከብ ሆነች። በ2025 ስትሞት በመንግሥት ክብር ተቀበረች። ግን እንደ እሷ ያለ ስንት ተከተላት? በቅርቡ ሚስ ዩኒቨርስን ያሸነፉት ሁለቱ፣ የ2015ቷና የ2018ቷ፣ አንዷ በአባቷ ጀርመን፣ ሌላዋ በአባቷ አውስትራሊያዊ ናት። አገሪቱ በሁለቱም ደስታ አበደች። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ማንም አይቀማቸውም። መስታወቱ ግን ከውጭ የተገዛ ነው።

ወደ ስንጥቁ ልመለስ። ከ2013 አካባቢ ጀምሮ የሞባይል ኩባንያዎች ፌስቡክን በነፃ ሰጡ። ካርድ ሳይሞላ ፌስቡክ ይከፈታል። ሊንኩን ተጭኖ ወደ ጋዜጣው ድረ ገጽ መሄድ ግን ዳታ ይበላል። ስለዚህ ለብዙ ሚሊዮን ሰው ዜና ማለት ርዕስና ፎቶ ሆነ። ከፎቶው ሥር በታጋሎግና በሴቡአኖ የሚጽፉት ደግሞ ጋዜጠኞች አልነበሩም። የተከፈላቸው ለፍላፊዎች፣ ደጋፊዎችና ቀልደኞች ነበሩ። ሮድሪጎ ዱቴርቴ በ2016 ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ የእነዚህ ሰዎች ጉልበት ታየ። የቁም ነገር ጋዜጠኛው በጥሩ እንግሊዝኛ ማስረጃ እየደረደረ ነበር። ውሸቱ በሰፈር ቋንቋ፣ በቀልድ፣ በስድብ ቤት ለቤት ይዞራል። የ"ካላያአን"ን ትምህርት የወሰዱት እነዚህ ናቸው።

ከውሸቶቹ አንዱን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ተራ ውሸት አይደለም። ስፔን ከመምጣቷ በፊት ደሴቶቹ ሁሉ "ማሃርሊካ" የሚባል አንድ ታላቅ መንግሥት ነበሩ ይላል። የንጉሡ ቤተሰብ ታሊያኖ ይባላል። ቤተሰቡ ለወጣቱ ጠበቃ ፈርዲናንድ ማርኮስ የአገልግሎት ዋጋ ብዙ ቶን ወርቅ ከፈለው። ስለዚህ ማርኮስ አልሰረቁም፤ ሀብታቸው ከዚያ ነው። ልጃቸው ሲመረጥ ወርቁ ለሕዝቡ ይከፋፈላል። የታሪክ ሰዎች እንዲህ ያለ መንግሥት እንዳልነበረ ደጋግመው ተናግረዋል። ልጅየው ራሱ ወርቁን አላየሁም ብሏል። ወሬው ግን በዩቲዩብና በቲክቶክ ዞረ። በአምነስቲ ኢንተርናሽናል ግምት ከ3,000 በላይ ሰው የተገደለበት የአባት አገዛዝ "ወርቃማው ዘመን" ተባለ። በ2022 ልጅየው ከ31 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ ፕሬዚዳንት ሆነ። የመረጡት ሁሉ በወርቁ አመኑ ማለት አይቻልም። ኑሮም፣ የአካባቢ ወገንተኝነትም፣ የዱቴርቴ ቤተሰብ ድጋፍም አለበት።

ግን ወሬው የሚሞላው ጉድጓድ ምን እንደሆነ እዩልኝ። ንጉሥ ነበረህ ይላል፤ ስም ነበረህ፤ ሀብታም ነበርክ። በመዝገብ ስም ለታደለ ሕዝብ ይህ ይጣፍጣል። ዱቴርቴ በ2019 የአገሪቱ ስም ማሃርሊካ ቢሆን ጥሩ ነው ብለው ነበር። አባት ማርኮስ በጦርነቱ ጊዜ መራሁት ያሉት የሽምቅ ጦር ስሙ ማሃርሊካ ነው፤ የአሜሪካ ጦር መዛግብት ግን ነገሩን ሐሰት ብለውታል። ልጅየው በ2023 ያቋቋሙት የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድም ስሙ ማሃርሊካ ነው። የእንግሊዝኛው ጋዜጣ ወሬው ሐሰት መሆኑን አስረድቷል። በጉድጓዱ ምትክ የሚሞላ ነገር ግን አላቀረበም።

ቅኝ ግዛትን ለመከላከል የተተከለው አጥርም የራስን ሰው መምቻ ሆኗል። የ1987 ሕገ መንግሥት መገናኛ ብዙኃን በፊሊፒናዊ ዜጋ ብቻ ይያዝ ይላል። ታሪኩን ላየ ሰው አሳማኝ ነው። በ2018 ግን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት "የውጭ ገንዘብ ገብቶበታል" ብሎ ራፕለር የተባለውን የኢንተርኔት ዜና ማሰራጫ ፈቃድ ሰረዘ። የራፕለር መሥራች ማሪያ ሬሳ በ2021 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች። ስረዛውን የይግባኝ ፍርድ ቤት የሻረው በ2024 ነው። ኤቢኤስ ሲቢኤን ላይም ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የቀድሞ ሊቀመንበሩ አሜሪካ መወለድ ነበር። ሐምሌ 2020 የምክር ቤት ኮሚቴ በ70 ለ11 ድምፅ የሥርጭት ፈቃዱን ከለከለ።

ዓለም ያወራው ስለ ፕሬስ ነፃነት ነው፤ ትክክል ነው። እኔን ያሳዘነኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ነሐሴ ላይ ጣቢያው በሴቡአኖ፣ በቢኮልና በሌሎችም ቋንቋዎች ያሰራጫቸው የነበሩ የክልል ዜናዎች ተዘጉ። ማኒላ ውስጥ አማራጭ ሞልቷል። ጂኤምኤ የማይደርስበት ገጠር ግን የራሱን አውሎ ነፋስ ዜና በራሱ ቋንቋ የሚነግረው ሰው አጣ። በዚያ ባዶ ቦታ ማን እንደገባ መናገር አያስፈልግም።

ትምህርት ቤቱም ወደ ኋላ ተመልሷል። ከ2012 ጀምሮ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተጀምሮ ነበር። መጽሐፍ አጠረ፣ አስተማሪ አልሠለጠነም፣ ወላጅም "ልጄ እንግሊዝኛ ይልመድ" አለ። ጥቅምት 2024 ግዴታነቱ በሕግ ቀረ። ወላጆቹን አልወቅስም። የ400 ዶላሩ በር በየትኛው ቋንቋ እንደሚከፈት ያውቃሉ።

በሌላ በኩል አንድ የጥንት ፊደል እየተመለሰ ነው። ባይባዪን ይባላል። የሐበሻ አንባቢ በአምስት ደቂቃ ይገባዋል። እያንዳንዱ ፊደል እንደ ግዕዙ "አ" ድምፅ ይዞ ይወለዳል፤ ከላይ ነጥብ ሲደረግበት ወደ "ኢ"፣ ከታች ሲደረግበት ወደ "ኡ" ይዞራል። ሳድስ አልነበረውም። በ1620 አንድ ስፔናዊ ካህን አናባቢዋን የሚገድል ትንሽ መስቀል ጨመረበት። አገሬው ብዙም አልወደደውም፤ ፊደሉም ቀስ በቀስ በላቲን ተተካ። አሁን ወጣቱ ይነቀስበታል፣ ቲሸርት ላይ ያትመዋል። የብር ኖቱ ላይም አለ። የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

ፓስፖርታቸው ገጾች ላይም በባይባዪን የተጻፈ አንድ መስመር አለ። ከመጽሐፈ ምሳሌ ነው፤ "ጽድቅ ሕዝብን ከፍ ከፍ ታደርጋለች" ይላል። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ሳቀች። የባልደረባዋን ፓስፖርት ውስጡን አይታው አታውቅም። ማዳሟ የሁለቱንም ፓስፖርት አንድ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ነበር።